የእናቴን ኩላሊት ላተረፈልን የከዚራ ፋርማሲስት

ድሬዎች፣ እባካችሁ ይህን አንብቡልኝ። በተለይ ቤታችሁ የደም ግፊት ያለበት ትልቅ ሰው ካለ።

እናቴ የግፊት ታማሚ ናት። ኢናላፕሪል ትወስዳለች፣ አብሮም የሚያሸና ኪኒን ታዞላታል። ጉልበቷን ስለሚያማት ዳይክሎፌናክ ተጨመረላት። ሙቀቱ ሲከር ምግብ አስጠላት፣ እግሯ አበጠ፣ ሽንቷ ቀነሰ።

የሄድንባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። ግን አንጀቴ አርሯል። አንዱ ጋ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩዋት «እርጅና ነው» አሉን። ሌላው ጋ ስንጠብቅ ውለን ስንገባ፣ ያንኑ ዳይክሎፌናክ በመርፌ ወግተው ሸኙን። ገንዘቡ ይቅር። «ምን ምን ይወስዳሉ?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው መጥፋቱ ነው የሚያንገበግበኝ። የሰው እናት እኮ ናት!

የጉልበቷን ኪኒን ልንገዛ ከዚራ አንዲት ትንሽ ፋርማሲ ገባን። ልጁ ወረቀቱን አየ። ቀጥሎ የእናቴን እግር አየ። «እማማ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አላት። እሷም ፌስታሏን ከቦርሳዋ አውጥታ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው። አንድ በአንድ እያነሳ አነበበና «ይህን አልሸጥልዎትም» አለ። ከዚያ ከባንኮኒው ወጥቶ የራሱን ወንበር አመጣላት። ቬንትሌተሩንም ወደ እሷ አዞረው። ከኋላችን ሰው ቆሞ ነበር፣ እሱ ግን አልተጣደፈም።

የመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ እየሣለ አስረዳን። አንዱ ኩላሊት ብቻ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። እያንዳንዱ ማጣሪያ ደም የሚገባበትና የሚወጣበት ቀጭን ሥር አለው። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን ወደ 180 ሊትር ያጣራሉ። አብዛኛው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል፣ በሽንት የሚወጣው ከ1 እስከ 2 ሊትር ቢሆን ነው። ግፊት ሲጨምር ኩላሊት ራሱ መግቢያውን ያጠብባል። ሲቀንስ ደግሞ መግቢያውን ያሰፋል፣ መውጫውን ያጠብባል። እንደ ቧንቧ መክፈቻ ማለት ነው። የቀረውን ለባለሙያ እተወዋለሁ፣ ይህቺን ግን እናቴም ገብቷታል።

«ዳይክሎፌናኩ መግቢያው እንዳይሰፋ ይከለክለዋል» አላት። «ኢናላፕሪሉ መውጫውን ያላላዋል። የሚያሸናው ኪኒንና ሙቀቱ ደግሞ ፈሳሽዎን ይቀንሱታል። ታዲያ ማጣሪያው በምን አቅሙ ያጣራ?»

የግፊት ኪኒኗን ግን በራሳችን እንዳናቋርጥ ደጋግሞ አስጠነቀቀን። ብቻውን ሲሆን ብዙ ጊዜ ለኩላሊትም ይጠቅማል፣ ችግሩ ሦስቱ ሲገናኙ ነው አለ። ለሐኪም ማስታወሻ ጽፎ «ዛሬውኑ ክሪያቲኒን ትመርመር» ብሎ ላከን። ክሪያቲኒን ኩላሊት ማጣራት ሲያቅተው ደም ውስጥ የሚጨምር ቆሻሻ ነው። ተመረመረች፣ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሟ ማስታወሻውን አንብባ ዳይክሎፌናኩን አስቆመች፣ ሌሎቹንም አስተካከለችላት። ቀስ በቀስ ሽንቷ ተመለሰ፣ እብጠቱ ጎደለ፣ ክሪያቲኒኑም ወረደ።

አባቴን ያጣሁት በኩላሊት ነው። እጥበት ምን እንደሆነ፣ ቤተሰብን ምን እንደሚያደርግ አውቀዋለሁ። ለዚህ ነው ልጁ ማታ ደውሎ «እማማ ሸኑ?» ሲለኝ ስልኩን ይዤ ያለቀስኩት። ማንም አላዘዘውም። ከእኛ አምስት ሳንቲም አላገኘም፣ እንዲያውም ገበያውን ነው የመለሰው።

ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልን። የእናትህን ደስታ ያሳይህ። ስሙን አደባባይ እንዳወጣ አልፈቀደልኝም፣ ስለዚህ ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሂዱ፣ እናት አባቶቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ቤት ያለውን ኪኒን ሁሉ፣ ለራስ ምታት የተገዛውንም ሳይቀር፣ በፌስታል ያዙ። መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።