ሞምባሳ ላይ «8 ሰዓት ፀሐይ» ተብሎ የተሸጠልኝ ሶላር፣ ከአስር ወር በኋላ

የሻጩ ሒሳብ አጭር ነበር፦ «ሞምባሳ በቀን 8 ሰዓት ፀሐይ አላት፤ ባለ 400 ዋቱ ፓኔል በ8 ሲባዛ 3,200 ዋት ሰዓት ይሰጣል።» እስከ መጋቢት ድረስ ስህተቱ አይታይም። ግንቦት ሲገባ ግን የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ኢንቨርተር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መጮህ ይጀምራል፣ ፍሪጁም ይጠፋል።

8 ሰዓቱ ለዓመቱ አማካይ እውነት ነው። ሜትሮሎጂ ግን ቀጥተኛው ጨረር በስኩዌር ሜትር 120 ዋት ካለፈ «ፀሐይ ወጥቷል» ብሎ ይቆጥራል፤ ፓኔሉ ላይ የተጻፈው 400 ዋት የሚገኘው ግን ብርሃኑ 1,000 ዋት ሲደርስ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ያለው ስስ ፀሐይ እንደ እኩለ ቀኑ እኩል መቆጠሩ ነው ጉዱ። ደግሞም አማካዩ ወራቱን ይደብቃል። ከጃንዋሪ እስከ ማርች ወደ 9 ሰዓት የሚጠጋው ፀሐይ በሜይ ወደ 6 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ማሲካ የሚሉት ረጅሙ ዝናብ ያኔ ይበረታል፤ ኩሲ የተባለው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስም ከሕንድ ውቅያኖስ ደመና እየነዳ ያመጣል።

ትክክለኛው ስሌት እንዲህ ነው። የቀኑ ብርሃን በሙሉ በስኩዌር ሜትር 1,000 ዋት ወዳለው ሙሉ ብርሃን ሰዓት ሲጠቃለል በጃንዋሪ 6፣ በሜይና በጁን 4 ተኩል ሰዓት ገደማ ይሆናል። ለሙቀት፣ ለሽቦ፣ ለባትሪና ለኢንቨርተር ሩቡን ቀንሱ፤ የፓኔሉ ሙቀት ከ25 ዲግሪ በላይ በጨመረ ቁጥር በየዲግሪው 0.35 በመቶ ያህል ይጠፋልና። 400 × 6 × 0.75 = 1,800 ዋት ሰዓት፤ በሜይ 1,350። የቤቱ የቀን ፍጆታ ደግሞ በዋት ሰዓት፦ ፍሪጅ 1,000፣ ራውተር 240፣ አምፖሎች 160፣ ሁለት ቬንትሌተር 400፤ ድምሩ 1,800። አየሩ ሲቀዘቅዝ ቬንትሌተሮቹ ቢጠፉ እንኳ 1,400 ይቀራል፤ አሁንም አይደርስም። ሻጩ «ደመናማ ቀን ገጥሞህ ነው» ሊል ይችላል። ሁለት ወር ሙሉ የሚመላለሰው ደመና ግን የቦታው ጠባይ ነው፤ መሸጥ ያለበትም በሜይ ቁጥር ነው።

ፓኔሉ ራሱ አላሳፈረም። ሞምባሳ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 4 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ በሜይና በጁን ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፤ ስለዚህ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ 10 ዲግሪ ያህል ማዘንበል ደካማውን ወቅት ይደግፋል፣ ዝናቡም አቧራውን ይዞ ይወርዳል። የባሕሩ ጨው መስታወቱ ላይ ነጭ ሽፋን ይሠራል፤ ፓኔሉ ሳይግል ጠዋት በንጹሕ ውኃ ይታጠብ። ተራ ብሎን እዚህ ይዝጋል፣ 316 የሚባለው አይዝጌ ብረት ይሻላል።

በግዢው የምቆጨው በፓኔሉ መጠን ማነስ ነው። ባለ 200 ዋት ፓኔል ቢጨመር በሜይ 2,025 ዋት ሰዓት ይገኛል፣ ይበቃል። ነገር ግን 600 ዋት ለባትሪው 12.8 ቮልት ሲካፈል 47 አምፔር ስለሚሆን፣ አብሮ የተሸጠው፣ ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው ባለ 40 አምፔር ኮንትሮለር ያንሳል፤ ባለ 60 አምፔር እንደገና መግዛት ግድ ነው።