አሮጌ ፒክ አፕ ላላችሁ፦ ሱሉልታ ያሉት የፍሬን ባለሙያ እጃቸው ይባረክ

ሱሉልታ፣ ጫንጮና እንጦጦ ዙሪያ አሮጌ ፒክ አፕ ለምትነዱ ሁሉ ነው የምጽፈው። የምጠቁማችሁ ሰው የፍሬን መካኒክ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ «ስሜንም ስልኬንም በየቦታው አትበትኚ፤ ሥራ ያለው መጥቶ ያገኘኛል» ብለውኛል። የሰፈሩ ሰው ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም ከዚያ አልወጣም።

ሥራዬ ወተት ማመላለስ ነው። ማለዳ ከሱሉልታ ገበሬዎች ተረክቤ አዲሱ ገበያ ላሉ ደንበኞቼ አደርሳለሁ። መኪናዬ ያረጀች ቶዮታ ሃይሉክስ ናት፤ በሞተሯ ቅሬታ የለኝም። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የእንጦጦን ጋራ ከተሻገራችሁ በኋላ ቁልቁለቱ ፋታ አይሰጥም፤ ከፊትም ከኋላም ሲሚንቶ የጫነ ከባድ መኪና አይጠፋም። ባለፈው ሐምሌ እዚያው ቁልቁለት ላይ የፍሬኑ ፔዳል ከእግሬ ሥር ሰምጦ ወለሉን ሊነካ ደረሰ። ማርሽ ቀንሼ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ስቤ ዳር አስያዝኳት። ሰው አልተነካም፣ ወተቱም አልፈሰሰም፤ ፈጣሪ ይመስገን።

መጀመሪያ የተጎተተችበትን ጋራዥ ስም መጥራት አያስፈልግም። ያናደደኝን ግን ሳልናገር አላልፍም። መኪናዋ የእኔ፣ የምነዳት እኔ፣ የምከፍለው እኔ ሆኜ ሳለ፣ ሁሉን ነገር ያስረዱ የነበረው አብሮኝ ለመጣው ለታናሽ ወንድሜ ነው፤ እሱ ደግሞ መንጃ ፈቃድ እንኳን የለውም። ማብራሪያቸውም አጭር ነበር፤ «የፍሬን ዘይት ጎድሏት ነው፣ ሞልተንላታል፣ ትሂድ።» ዘይቱ የት ሄደ? የፍሬን ሸራው እየተበላ ሲሄድ የዘይቱ መጠን በጥቂቱ ዝቅ ይላል እንጂ የፍሬን ዘይት እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። በአንድ ጊዜ ከጎደለ ፈሷል። ይህን ደጋግሜ ስጠይቅ ወደ ሥር ገብተው አዩና የተበሳውን ቆርጠን በመዳብ ቱቦ እንቀጥለው አሉ። አመስግኜ መኪናዬን አስጎትቼ ወጣሁ።

ወደ ጋሼ የመራችኝ እንቁላል የምታከፋፍል ጓደኛዬ ናት። ጋሼ መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት ጥያቄ ጀመሩ። ምን ትጭኛለሽ? ካሶኒውን (የኋላ መጫኛውን) በምን ታጥቢዋለሽ? ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ሞላ) ተጨምሮባታል? ከዚያ መኪናዋን በክሪክ አንስተው በብረት መቆሚያ ላይ አሳረፏትና መሬት ላይ ካርቶን አንጥፈው ባትሪ መብራት ሰጡኝ። «ነይ ልጄ፣ ተጋድመሽ እዪው፤ ገንዘቡ ያንቺ ነው» አሉኝ።

ከዋናው የፍሬን ፖምፓ ተነስቶ በሻንሲው (መኪናዋ በተሠራችበት የብረት አጽም) ጎን ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄድ ቀጭን የብረት ቱቦ አለ። ይህ ቱቦ ከሻንሲው ጋር በቆንጥጦ መያዣ የታሰረበት ቦታ ላይ የሱሉልታ መረሬ ጭቃ ተጠቅጥቆ ደርቋል። ጋሼ በሽቦ ብሩሽ ሲፈትጉት ዝገቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተቀረፈ ወረደ፤ ከሥሩ ቱቦው ሳስቶ ተበስቷል። አሜሪካ ውስጥ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን የፒክ አፕ ዝገት የታወቀ ጣጣ ነው፤ ቶዮታ እንኳን እ.ኤ.አ. በ2008 ከ1995 እስከ 2000 ለተሠሩት ታኮማ የተባሉ ፒክ አፖቹ የሻንሲ ዝገት ዋስትናውን ወደ 15 ዓመት አራዝሞ ነበር። እኛ ዘንድ መንገድ ላይ ጨው የሚበትን የለም። ጭቃው ግን ክረምቱን ሙሉ እርጥበት አቅፎ ይቆያል፤ በዚያ ላይ የሚፈሰው ወተትና የእጥበት ውኃ ይጨመራል፤ ከብት ለሚጭኑት ደግሞ ሽንቱ አለ።

ለምን ጨርሶ ፍሬን እንዳላጣሁም አስረዱኝ። ፖምፓው ውስጥ ሁለት ክፍል አለ፤ አንዱ ለፊት ጎማዎች፣ አንዱ ለኋላ። የኋላው ሲበጠስ ፔዳሉ ቢሰምጥም የፊቱ ይሠራል። የእጅ ፍሬኑ ደግሞ የሚሳበው በሽቦ ስለሆነ ከዘይቱ ጋር ጉዳይ የለውም።

የመዳቡን ነገር ስነግራቸው ፊታቸው ተቀየረ። ፍሬን በኃይል ሲያዝ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከ70 ባር ሊበልጥ ይችላል፤ ጎማችሁ ውስጥ ያለው አየር ከ2 እስከ 3 ባር ቢሆን ነው። ተራ መዳብ በንዝረት ብዛት እየደረቀ ሄዶ ይሰነጠቃል። ጋሼ የቀጠሉት አንድም ነገር የለም። ከመኪና መለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ ትክክለኛው የፍሬን ቱቦ እንዲመጣ አድርገው፣ አፉን በመሣሪያ ሁለት ጊዜ አጥፈው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዲስ ዘረጉ። የፊቶቹንም አብረው ቀየሩ፤ ዕድሜያቸው እኩል ነውና።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በኋላው አክስል በኩል፣ በብረት ዘንግ የተያያዘ ትንሽ ቫልቭ አለ። መኪናዋ ስትጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ዝቅ ስለሚል ቫልቩ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት ይጨምራል፤ ባዶ ስትሆን ይቀንሳል፤ ካልቀነሰ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ይቆለፉና መኪናዋ ትንሸራተታለች። የቀድሞው ባለቤት ብዙ እንድትጭን ብሎ ባሌስትራ አስጨምሮባት ነበር። ባሌስትራ ሲጨመር ሻንሲው ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ቫልቩም መኪናዋ ባዶ ናት ብሎ ያምናል። ስለዚህ ካሶኒውን በወተት ሞልቼ ስወርድ የኋላ ፍሬኔ የሚይዘው ባዶ እንደሆነች መኪና ነበር፤ የፊት ሸራ ቶሎ ቶሎ ያለቀብኝም ለዚህ ነው። ዝገቱ ደግሞ ዘንጉን አድርቆታል። ይህን ሌላ ማንም አልነገረኝም። ጋሼ ቫልቩን አላቅቀው፣ ዘንጉን አፍታተው፣ ካሶኒው ላይ ክብደት አስጭነው አስተካከሉት። በየመንገዱ ባሌስትራ የተጨመረባቸውን ፒክ አፖች ባየሁ ቁጥር አሁን ዓይኔ ወደዚያ ቫልቭ ይሄዳል።

ዘይቱንም ሙሉ በሙሉ ቀየሩት። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ከገባበት በኋላ መፍላት የሚጀምርበት ሙቀት ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን እየያዙ መውረድ ምን እንደሚያመጣ ገምቱት። ውኃው ውስጡንም ያዝጋል፤ ከኋላ ታምቡር ውስጥ ያወጧቸው ትንንሽ ፖምፓዎች ግድግዳቸው በዝገት ተቦርቡሯል። በየ2 ዓመቱ ቀይሪ ብለውኛል።

ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ እየነኩ አዳመጡት። ጤነኛ ብረት ይጮሃል፤ የተበላው ድምፁ ደንቆሮ ነው። ከኋላ ባሌስትራው የሚንጠለጠልበት አካባቢ አንድ የታመመ ቦታ አገኙና ወደሚያምኑት በያጅ ላኩኝ። ላሜራ ከላይ ለጥፎ መበየድ ዝገቱን መደበቅ ነው ይላሉ፤ የተበላው ተቆርጦ ወጥቶ ጤነኛው ብረት ላይ ነው የሚበየደው። የሻንሲው ውኃ ማውጫ ቀዳዳዎች በጭቃ ተደፍነው ስለነበር እነሱንም አስከፈቱ። ብዙ ሰው ዝገት ይከላከላል ብሎ ከሥር የተቃጠለ ዘይት ያስረጫል፤ ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ። የሞተር ዘይት የፍሬኑን የጎማ ቱቦዎች ያሳብጣል፣ ያበላሻል።

ስለ ክፍያ፦ ዋጋውን የነገሩኝ ሥራ ሳይጀምሩ ነው፤ ተጨማሪ ብልሽት ሲገኝም ደውለው ሳያስፈቅዱኝ አልነኩም። የወጣው አሮጌ ዕቃ ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ ተሰጠኝ። ርካሽ ናቸው አልልም። የከፈልኩት ግን ምን እንደሆነ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ።

እንከን ካላችሁኝ፣ ቀስ ይላሉ። ለነገ ጠዋት አድርሱልኝ ለሚል ሰው አይሆኑም። ቀለምና ባትላሜራ አይሠሩም፤ ኤሌክትሪክም አይነኩም። የጎማ ቱቦ በሽቦ አስራችሁ ከመጣችሁ በሰው ፊት ይወቅሷችኋል።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ ሲያነብልዎ «ምን አስጻፈሽ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ረዳቶችዎንም አመስግኑልኝ፤ በተለይ ዝናብ እየዘነበ ከፍሬኑ ቱቦ አየር ሲያስወጣ ያመሸውን ልጅ።

የምትሄዱ፣ ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ መውጫ ላይ ወፍጮ ቤቱ ጋ ቆም ብላችሁ የፍሬን ሠሪው ጋሼ ብትሉ ሕፃን ልጅም ያሳያችኋል። እሑድና የበዓል ቀን ዝግ ነው። መኪናችሁን ከሥር በደንብ አሳጥባችሁ ውሰዱ፤ ጭቃ የያዘ ሻንሲ ይዞ የመጣውን ሳያዩ ይመልሱታል።