«የፈርዖን ሀብል» ሠርቼ አንገቴ ሰማያዊ ሆነ

ዶቃ መሰካት ለምትወዱ ሁሉ፦ «የጥንት ግብፅ ሀብል በቤትዎ ይሥሩ» የሚል የዶቃ ጥቅል ኦንላይን ላይ ካያችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። እኔ ተሸውጃለሁ።

ፎቶው ልብ ይሰርቃል። ከቱታንክሃመን መቃብር የወጣ የሚመስል፣ ደረት ላይ በግማሽ ክብ የሚዘረጋ ሰፊ ሀብል። ከላዩ በትልቁ «ላፒስ ላዙሊ፣ ተርኮይዝ፣ ካርኔሊያን» ይላል፤ የጌጥ ድንጋዮች ናቸው፣ የመጀመሪያው ደማቅ ሰማያዊ፣ ሁለተኛው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ፣ ሦስተኛው ቀይ። አመንኩና ገዛሁ። ሦስት ምሽት አጎንብሼ ሰካሁ። የአንዱ ዶቃ ቀዳዳ ሰፊ፣ የሌላው ጠባብ። አንዳንዱ ደግሞ ጠርዙ ስለት ሆኖ ክሩን ሁለቴ በጠሰብኝ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

አድርጌው ወጣሁ። ቀኑ ይሞቅ ነበር። ማታ መስታወት ፊት ስቆም አንገቴ ዙሪያውን እስክሪብቶ የፈሰሰበት መስሏል። የሸሚዜን ኮሌታማ ተዉት።

ጥጥ በአሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው) ነክሬ አንዷን «ላፒስ» ጠረግኳት። ጥጡ ሰማያዊ ሆነ፤ ከቀለሙ ሥር ግራጫ ጅማት ያለው ነጭ ድንጋይ ብቅ አለ። ሃውላይት ይባላል። ቀለም በቀላሉ ስለሚመጥ አስመሳዮች ይወዱታል። «ተርኮይዙም» ያው እሱ ነው፣ ሌላ ቀለም ውስጥ ተነክሮ። ቀዩ ፕላስቲክ ነው።

ለሻጩ ጻፍኩ። «መግለጫውን በደንብ ያንብቡ፤ የተከፈተ ዕቃ አንመልስም» አለኝ። ሄጄ አየሁት። እውነትም ከታች፣ በደቃቁ፣ «በላፒስ ላዙሊ ቀለም» ይላል። አንዲት ቃል!

ድንጋዩ እውነተኛ አለመሆኑ አይደለም ያናደደኝ። ግብፆቹ ራሳቸው አስመስለው ይሠሩ ነበር። ላፒስ የሚመጣላቸው ከሩቅ፣ ዛሬ አፍጋኒስታን ከሆነው ከባዳክሻን ተራሮች ነበር። (ብዙ ሊቃውንት የመጽሐፍ ቅዱሱ ሰንፔር እሱ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።) ስለዚህ የተፈጨ ኳርትዝ አቡክተው፣ በመዳብ ሰማያዊ የሚያብረቀርቅ ልባስ እየሰጡ ተኩሰው፣ ፋያንስ የሚባለውን ዶቃ ሠሩ። ብዙዎቹ ሰፋፊ ሀብሎች የተሰኩት በሱ ነው። ሻጩ «ብርጭቆ ነው» ቢለኝ ደስ ብሎኝ እገዛው ነበር።

እና እባካችሁ፣ «አነሳሽነት»፣ «ስታይል»፣ «ቀለም» የሚሉ ቃላት ካያችሁ ዶቃው ከምን እንደተሠራ በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱ ከተድበሰበሰ ተዉት። ጥቅሉ ሲደርሳችሁ ደግሞ ክር ውስጥ ሳታስገቡ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ፈትኑ። ከተሰካ በኋላ ማንም አይመልስላችሁም። ጥጥና አሴቶን ይበቃል። ጥጡ ንጹሕ ሆነ ማለት ግን ድንጋዩ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ሰም ወይም ሙጫ ተቀብቶ ቀለሙ ሊታሸግ ይችላል። ዓይናችሁንም ተጠቀሙ። እውነተኛ ላፒስ ብዙ ጊዜ ወርቃማ ነጠብጣብ ወይም ነጭ ጅማት አለው። መቶው ዶቃ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ከሆነ ነገር አለ።

አምበር (ደርቆ ድንጋይ የመሰለ የጥንት ዛፍ ሙጫ) ያለበት ጥቅል ከሆነ የገዛችሁት፣ ጨው መሟሟት እስኪያቅተው ድረስ በጠገበ ውሃ ውስጥ ጣሉት። አምበር ይንሳፈፋል፤ ብርጭቆና ቤክላይት (የድሮ ጠንካራ ፕላስቲክ) ይሰምጣሉ። የሚንሳፈፍ ፕላስቲክም ስላለ፣ ፈተናው የሚያጋልጠው የሰመጠውን ብቻ ነው።

«ከመቃብር የወጣ ጥንታዊ ዶቃ» ብሎ የሚሸጥላችሁን ደግሞ አትጠጉት። ወይ ውሸት ነው፣ ወይ ዘረፋ።

የኔን ሀብል በመቀስ ቆረጥኩት። ዶቃዎቹን በየተራ ስጠርግ ቀለም ያልለቀቁትና ያልተላጡት በየመሃሉ ለማሟያ የገቡት ትንንሽ የብርጭቆ ዶቃዎች ብቻ ናቸው። መግለጫው ላይ ስማቸው እንኳ አልተጠቀሰም።