ቀይና ሰማያዊው ወይስ ፓይሚዮ? ሁለት የሙዚየም ወንበሮች ለሳሎናችሁ

በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ልቤን የወሰዱት ሁለት ባለክንድ የእንጨት ወንበሮች አሉ። አንዱ የሆላንዳዊው ኼሪት ሪትቬልድ «ቀይና ሰማያዊ ወንበር» ነው። ሌላው የፊንላንዳዊው አልቫር አልቶ «ፓይሚዮ»። ሁለቱም ዛሬም ይመረታሉ፣ ይሸጣሉ። ዋጋቸው ግን ኪስ ይጎዳል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ነገር አስቡ፦ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ማን ነው? ለምን ያህል ጊዜ?

ሪትቬልድ የአናጢ ልጅ ነው፤ ሙያውን የለመደው ዩትሬክት ከተማ ከአባቱ ነው። ወንበሩን እ.ኤ.አ. በ1918 ገደማ ሲሠራው ቀለም አልነበረውም። ቀይ መደገፊያው፣ ሰማያዊ መቀመጫውና ጥቁር አጥንቱ የመጡት በ1923 ገደማ ነው። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ አያያዙ ነው። ቀጫጭኖቹ ሞራሌዎች አንዱ በአንዱ ውስጥ አይገቡም። ሦስቱ አንድ ቦታ ይገናኛሉ፣ ይነካካሉ፣ ከዚያ እያንዳንዱ መንገዱን ይቀጥላል። የሚይዛቸው ውስጥ የተደበቀ የእንጨት ችንካር ነው። እንጨቱ የተቆረጠበት ጫፍ ደግሞ ቢጫ ተቀብቷል። ስታዩት ሞራሌው እዚያ ያለቀ አይመስልም፤ አየር ላይ የሚቀጥል ይመስላል። እንዲህ ያለ ወንበር ባዶ ግድግዳ አጠገብ ሲቆም ክፍሉን ሙሉ ይለውጠዋል።

መቀመጡስ? ቀጥ ያለ ጣውላ ነው፤ ትራስ የለውም። ተቀምጬበታለሁ፤ ከገመትኩት በላይ ይመቻል፣ ምክንያቱም መደገፊያው በደንብ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ግን አጥንቴ ጣውላው ተሰማው። ቡና እየጠጡ ትንሽ ለመጫወት ይበቃል። መጽሐፍ ይዞ ለማምሸት አይሆንም።

ፓይሚዮ የተወለደው ለሕሙማን ነው። አልቶ በደቡብ ምዕራብ ፊንላንድ፣ ፓይሚዮ በተባለ ቦታ፣ ለሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎች ማገገሚያ ይሠራ ነበር። ሕንጻው ያለቀው በ1933 ነው። ወንበሩን የነደፈው ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በ1931 እና 1932 ነው። በዚያን ጊዜ አዲስ ነገር የሚወድ ሁሉ የሚሠራው በብረት ቱቦ ነበር። አልቶ ግን ብረት ለታመመ ሰው ይቀዘቅዛል ብሎ ወደ አገሩ በርች እንጨት ዞረ። ከእንጨት ሠሪው ኦቶ ኮርሆነን ጋር ሆኖ ስስ ስስ እንጨት በኮላ እየደራረበ በቅርጽ ማጠፍን ተማረ። መቀመጫውና መደገፊያው አንድ የታጠፈ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ላይና ታች ጫፉ እንደ ብራና ተጠቅልሏል። ኮምፔንሳቶው በሁለቱ ክንዶች መካከል ስለተንጠለጠለ ስትቀመጡበት ትንሽ ይለመጣል። የመደገፊያው ማዘንበል ደግሞ ታማሚው ደረቱ ተከፍቶ እንዲተነፍስ ታስቦ ነው። ትራስ እሱም የለውም፤ ሰውነት ግን ይቀበለዋል።

እንግዲህ የኔን ፍርድ ልንገራችሁ። በየቀኑ የምትቀመጡበት ከሆነ ፓይሚዮን ግዙ። ቤት ውስጥ የሚሯሯጡ ልጆች ካሉም እንዲሁ፤ የሪትቬልድ ጫፎች ሁሉ ወደ ውጭ የወጡ ናቸው፣ ቅልጥም አይምሩም። አንድ ቆንጆ ነገር ቤቴ ይቁም፣ ጠዋት ጠዋት ልየው የምትሉ ከሆነ ግን ቀይና ሰማያዊውን የሚያህል አላውቅም።

ቦታም ለኩ። የሪትቬልድ ወንበር ስፋቱ 66፣ ቁመቱ 87 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ፓይሚዮ 61 በ66 ነው፤ አጠር ስለሚል መስኮት ሥር ይገባል። ወደ ኋላ ግን ሁለቱም ከ80 ሳንቲሜትር በላይ ይወስዳሉ፤ ጠባብ ሳሎን ይጨናነቃል።

ጥገናው ላይ ሪትቬልድ ይሻላል። ቀለሙ ቢላጥ ይቀባል። ንድፉ ከመነሻውም በቀላሉ ከሚገኝ ቀጥ ያለ እንጨት እንዲሠራ የታሰበ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሞራሌ ቢሰበር ጎበዝ አናጢ ይተካዋል። ፓይሚዮ እንዲህ አይደለም። የተደራረበው እንጨት በእርጥበት ወይም በሙቀት ከተላቀቀ የሰፈር አናጢ እጅ አይመልሰውም። ማሞቂያ አጠገብ አታስቀምጡት።

ትክክለኛውን ሪትቬልድ የሚሠራው የጣልያኑ ካሲና ነው፤ ስሙንና ተከታታይ ቁጥሩን እንጨቱ ላይ ፈልጉ። ፓይሚዮን የሚሠራው አልቶ ራሱ ከባለቤቱ ከአይኖና ከሁለት ወዳጆቻቸው ጋር በ1935 ያቋቋመው አርቴክ ነው። «ኦሪጅናል ነው» ተብሎ በግማሽ ዋጋ ከቀረበላችሁ ጠርጥሩ።

የመጨረሻው ነገር የጉልበት ጉዳይ ነው። ሁለቱም በጣም ዝቅ ያሉ ናቸው፤ የሪትቬልድ መቀመጫ ከወለል 33 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ለእናታችሁ ወይም ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አባታችሁ ከሆነ ሁለቱንም ተዉ። ለራሳችሁ ከሆነ ሱቅ ሄዳችሁ 20 ደቂቃ ሙሉ ተቀመጡ። ከዚያ ስትነሱ እጃችሁን ልብ በሉ፦ የሪትቬልድ ክንድ ጠፍጣፋ ጣውላ ስለሆነ ገፍታችሁ ትነሳላችሁ፤ በፓይሚዮ ክብ ክንድ ላይ ግን እጃችሁ ወደ ፊት ይንሸራተታል።