የኮሌጆቹ የዋጋ ማስያ ምን ያህል ያስተማምናል?

በአሜሪካ ኮሌጅ ለመግባት የሚዘጋጅ ተማሪ መጀመሪያ የሚያየው ኮሌጁ ያወጣውን ሙሉ ዓመታዊ ወጪ ነው፤ ብዙ ቤተሰብም በዚያ ቁጥር ደንግጦ ማመልከቻውን ሳይጀምር ይተወዋል። እውነተኛው ዋጋ ግን የትምህርት ክፍያ፣ መኖሪያ፣ ምግብ፣ መጻሕፍትና መጓጓዣ ተደምረው፣ ከዚያ ላይ የማይመለስ ድጎማና ስኮላርሺፕ ሲቀነስ የሚቀረው ነው። ይህን ለመገመት የተዘጋጀው መሣሪያ «ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ለተማሪዎች የፌዴራል የገንዘብ ድጋፍ የሚቀበሉና አዲስ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የሚያስገቡ ኮሌጆች ከኦክቶበር 29 ቀን 2011 ጀምሮ ማስያውን በድረ ገጻቸው እንዲያወጡ ተገደዋል።

ባለፈው ኦክቶበር ከእህቴ ልጅ ጋር ተቀምጠን የስድስት ኮሌጆችን ማስያ ሞልተናል። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ሥራቸው የተለያየ መሆኑን ያወቅነው ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ነው። አንዳንዶቹ የትምህርት ሚኒስቴር ባዘጋጀው አጭር ቅጽ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ጥቂት ጥያቄ ጠይቀው፣ ቤተሰቡን በገቢ መደብ ከፍለው፣ ከዓመታት በፊት የገቡ ተመሳሳይ ተማሪዎች በአማካይ የከፈሉትን ያሳያሉ። ሌሎቹ የታክስ ወረቀት፣ የባንክ ሒሳብና አንዳንድ ጊዜም የቤት ዋጋ እየጠየቁ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳሉ። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ አድካሚ ቢሆንም የሚያሰላው ያንኑ ቤተሰብ እንጂ አማካይን አይደለም።

ከሁሉም ያስቆጣኝ የአንዱ ኮሌጅ የውጤት ገጽ ነው። ከታች በትልቅ አረንጓዴ ጽሑፍ የተቀመጠውን ቁጥር አይታ ልጅቷ በደስታ ልትነሳ ስትል፣ ከፍ ብለው በትንንሽ ፊደል የተጻፉትን መስመሮች አነበብንላት። 5,500 ዶላር የፌዴራል ብድርና ገና ሠርታ የምታገኘው የዎርክ ስተዲ (መንግሥት የሚደጉመው የተማሪዎች የትርፍ ሰዓት ሥራ) ደመወዝ ከወጪው ተቀንሰዋል። 5,500 ዶላር በወላጅ የሚደገፍ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በፌዴራሉ ቀጥታ ብድር መበደር የሚችለው ጣሪያ ነው፤ ዕዳውን እንደ ስጦታ ቆጥረውታል ማለት ነው። ይህ ዓይነቱ አቆጣጠር በማስያ ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ 91 በመቶ የሚገመቱ ኮሌጆች ለተማሪው በሚልኩት የድጋፍ ደብዳቤ ውስጥ እውነተኛውን ዋጋ ወይ አይጽፉትም ወይ አሳንሰው ይጽፉታል። ስለዚህ ከግርጌው ቁጥር ይልቅ ድጎማና ስኮላርሺፕ ብቻ የተቀነሱበትን መስመር መፈለግ ያዋጣል።

በተወሰኑ ኮሌጆች የሚሠራውና በዌልስሊ ኮሌጅ የኢኮኖሚክስ መምህር የተጀመረው «ማይኢንቱሽን» በአንጻሩ ጥቂት ጥያቄዎችን ብቻ ጠይቆ ከአንድ ቁጥር ይልቅ ዝቅተኛና ከፍተኛ ግምት ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ግምት መሆኑን ራሱ መናገሩን ወድጄለታለሁ።

ወላጆቻቸው የተፋቱ ወይም የራሳቸው ንግድ ያላቸው ተማሪዎች ግን ማንኛውንም ማስያ በጥርጣሬ ቢያዩት ይሻላል። አንዳንድ የግል ኮሌጆች አብሮ የማይኖረውን ወላጅ ገቢም ይቆጥራሉ፤ የእህቴ ልጅ ከሞላቻቸው መካከል ግን ስለ አባቷ የጠየቀ አንድ ብቻ ነበር። ከዚህም በላይ የሚገመተው የመጀመሪያው ዓመት ብቻ በመሆኑ፣ የክፍያ ጭማሪም ሆነ ስኮላርሺፑን ለማስቀጠል የሚጠየቀው ውጤት በግምቱ ውስጥ አይታይም።

የስድስቱንም ውጤት አትመን አስቀመጥን። በሚያዝያ ደብዳቤዎቹ ሲመጡ አጠገብ ለአጠገብ አድርገን አየናቸው፤ ረጅሙን ቅጽ የሞላንለት ኮሌጅ ከግምቱ በ1,200 ዶላር ያህል ብቻ ሲለይ፣ በሦስት ደቂቃ ያለቀው አጭሩ ቅጽ በ9,000 ዶላር ግድም አሳንሶ ነግሮን ነበር።