ዳጉሳ ለዘር፦ ታደሰ፣ ዋማ ወይስ የአገሬው?

ጅማ ዙሪያ ዳጉሳ ልትዘሩ ካሰባችሁ፣ ስንት ኩንታል ይሰጣል ከማለታችሁ በፊት ዘሩ የት እንደተፈተነ ጠይቁ።

ታደሰ የሚባለውን የተሻሻለ ዝርያ ያወጣው የመልካሳ ምርምር ማዕከል ነው። መልካሳ አዳማ አጠገብ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። የዓመት ዝናቡ 800 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ዋማ የሚባለውን ደግሞ የባኮ ምርምር ማዕከል፣ ምዕራብ ኦሮሚያ ያለው፣ በ2007 እ.ኤ.አ. አወጣው። እዚያ ዝናቡ 1,200 ይደርሳል። የጅማ 1,500 ይጠጋል። እንግዲህ ለኛ ክረምት የሚቀርበው የትኛው ነው?

ይህን የምለው ብላስት የሚባል የዳጉሳ በሽታ ስላለ ነው። ፈንገስ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙለት ይፋፋማል። ከቅጠል ይጀምርና አንገቱንና ፍሬ የሚይዙትን ጣቶቹን ይይዛል። አንገቱ የተመታ ዳጉሳ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፣ ሲወቁት ገለባ ነው። ዩሪያ ሲበዛ ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ ለጅማ እኔ ዋማን እመርጣለሁ። ታደሰ የማይረባ ሆኖ አይደለም፤ ማሳችሁ ቆላማ፣ ዝናቡም ቶሎ የሚወጣ ከሆነ ሞክሩት።

የአገሬው ዘር ርካሽ ነው። ብዙ ጊዜ ምርቱ ያንሳል። ግን ድብልቅ ስለሆነ አንዱ ሲታመም ሌላው ይተርፋል፤ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

የተሻሻለውን ብትገዙም እንደ ዲቃላ በቆሎ በየዓመቱ ኪሳችሁን አያራቁትም። ዳጉሳ በአብዛኛው በራሱ የአበባ ብናኝ ስለሚያፈራ ዘሩ ጠባዩን ይዞ ይቆያል። ጥሩ ጥሩውን ራስ እየለያችሁ ለጥቂት ዓመታት መልሳችሁ ትዘሩታላችሁ። ለአዳቃዮቹ ግን ይኸው ጠባይ ፈተና ነው። አበባው ደቃቅ ስለሆነ ሁለት ዝርያ ማዳቀል ዓይን ያጠፋል።

ለልጆች ገንፎ ከሆነ የፍሬውን ቀለም እዩ። በካልሲየም ዳጉሳን የሚደርስበት እህል የለም፤ 100 ግራሙ ወደ 340 ሚሊ ግራም ይይዛል። ቀዩ ግን ታኒን የሚባል አፍ የሚያኮማትር ንጥረ ነገር ይበዛበታል፣ ሰውነት ብረቱን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል። ነጩ በዚህ ይሻላል፤ ወፍም ይወደዋል፣ ጠባቂ ከሌላችሁ አስቡበት። ቀይ ብቻ ካገኛችሁ ታኒኑ እንዲቀንስ እንደ ብቅል አብቅሉት፣ አድርቃችሁ አስፈጩት።

የትኛውንም ብትመርጡ ሙሉውን ከመክፈላችሁ በፊት 100 ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ጨርቅ ላይ አብቅሉ። ከ80 በታች ከበቀለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።