ለቀድሞ ወታደሮች ጤና ጥናት፦ ሂናሪ ወይስ በፕሮፎርማ የሚገዛው?

ጎንደር፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ቡና ልጠጣ በተቀመጥኩ ቁጥር ይኸው ጥያቄ ይመጣብኛል። «የቀድሞ ወታደሮችን ጤና ልናጠና ነው፣ በጀቱ ተፈቅዷል፤ የትኛውን የምርምር ጽሑፎች የመረጃ ቋት እንግዛ?» መልሴ አይቀየርም፦ አትግዙ፤ መጀመሪያ የጤና መጽሔቶችን በነፃ የሚከፍተውን ሂናሪን ሞክሩ።

ይህን የምለው እጄ ተቃጥሎ ነው። ከዓመታት በፊት የግዥ ኮሚቴ አባል ሆኜ ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ሰብስበን ዝቅተኛውን መረጥን። አቅራቢው የይለፍ ቃል ሰጠን፤ ሁለት ወር ሳይሞላ መሥራት አቆመ። ለካ ከውጭ አገር ተማሪ የተገኘ መግቢያ ለስንቱ ተቸብችቦ ኖሯል! የተረፈን ጽሑፎች የተገለበጡበት ፍላሽ ነው፤ ብዙዎቹ ደግሞ ፐብሜድ ሴንትራል ከሚባለው የኢንተርኔት ማኅደር ላይ በነፃ የሚወርዱ። ኦዲተሩ «የተገዛው የት አለ?» ሲል ፍላሹን አወጣንለት። የሳቀው ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ወደ ዋጋው ልምጣ። ኤምቤዝን የመሰለ፣ በክፍያ የሚከፈት የሕክምና ጽሑፎች ቋት የተቋም ደንበኝነት ዋጋው ተለጥፎ አይገኝም፤ ጠይቃችሁ ነው የሚነገራችሁ፣ ያውም በዶላር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። 10,000 ዶላር ተባላችሁ እንበል፦ የ570 ሺህ ብር ዕቅድ ሚሊዮን ሆኖ ቁጭ አለ። የምንዛሪ ወረፋው ሳያንስ ሰኔ 30 ሲደርስ በጀቱ ይዘጋል። ብዙው ደንበኝነት ደግሞ በፈረንጆች ጥር ነው የሚጀምረው። ካላደሳችሁ በሩ ይዘጋል፤ መጽሐፍ አይደለም መደርደሪያ ላይ አይቀርላችሁም።

ሂናሪ የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ነው። ኢትዮጵያ በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች ምድብ ውስጥ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ፣ ማስተማሪያ ሆስፒታል፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይመዘገባል። ክፍያው ዜሮ ብር ነው። ጉድለት የለውም አልልም፤ አንዳንድ አሳታሚዎች የማይከፍቷቸው መጽሔቶች አሉ፣ መብራት ከሄደ ደግሞ እሱም የለም።

ለጦርነት የአእምሮ ጠባሳ ደግሞ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሚያዘጋጀውን ፒቲኤስዲፐብስን ክፈቱ። ነፃ ነው፣ ድሮ ፓይለትስ ይባል ነበር፤ የተሰበሰበው ስለ ወታደር ብቻም አይደለም። የሚሰጣችሁ ማውጫ ነው፤ ሙሉውን ጽሑፍ ሂናሪ ላይ ትፈልጋላችሁ። በዚህ ላይ ነፃው የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ ፐብሜድ ከተጨመረ፣ ለእኔ የሚገዛው ጥቅል ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ኤምቤዝ በመድኃኒት ጉዳይ ይበልጣል፣ ይህን አልክድም። የመድኃኒት ጉዳትን በጥልቀት የምትፈትሹ ከሆነ ግዙት፤ ግን ከራሱ ከባለቤቱ። አቅራቢው አንድ ብቻ ሲሆን የግዥ ሕጉ ቀጥታ ግዥን ይፈቅዳል፤ ሦስት ፕሮፎርማ ለማሟላት ተብሎ ደላላ አይፈለግም። ከመክፈላችሁ በፊት የሙከራ ጊዜ በደብዳቤ ጠይቁ።

የተረፈውን ብር ለመረጃ ሰብሳቢዎች አበልና ለትራንስፖርት አውሉት። የደባርቅና የአዘዞ የቀድሞ ወታደር እንቅልፍ የሚነሳው ምን እንደሆነ የሚነግራችሁ የሚሸጥ የመረጃ ቋት የለም።

ባለፈው ሳምንት አንዱ ወዳጄ ፕሮፎርማ ይዞ መጣ። ሥራ ወደሚሠራበት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይዤው ሄድኩ። የሂናሪው የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ ከጠረጴዛው መስታወት ሥር ተቀምጧል፤ «የጠየቀን የለም» አሉን ሠራተኞቹ።